ልጅ ኢያሱ በምን ሊጠየቅ ይገባ ነበር?

(ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣቶች፣ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ዋላችሁ? አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይሄን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የአገር መሪ ነው። በሥልጣን ላይ ሳለ ግማሹ ሰው የወደደው፣ ግማሹ የጠላው መሪ። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ክርክሩ ግን ዛሬም አላለቀም። ልጅ ኢያሱ። እሱን የመረጥሁት ነገሩ የተቋጨው እዚሁ እኛ አገር፣ ሸዋ ምድር ላይ ስለሆነ ነው። ደግሞም መሪ ሲያጠፋ እኛ ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደምንከሰው ከእሱ ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ነገሩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። አጤ ምኒልክ በጠና ታመሙ። በግንቦት 1901 ዓ.ም የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ ብለው በአዋጅ አስነገሩ። ገና ልጅ ነበር። ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑለት። እሳቸውም በ1903 ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ሥልጣኑ ወጣቱ እጅ ገባ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 አረፉ፤ ሞታቸው ግን ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኢያሱ አባት፣ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ኢያሱ ራሱ ዘውድ ሳይጭን ነው አገር የመራው።

መስከረም 17 ቀን 1909 የመስቀል ዕለት ነበር። ኢያሱ ሐረር ነው። አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት መኳንንቱ፣ የጦር አለቆቹና ካህናቱ ተሰበሰቡ። ክስ ተነበበ። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ሃይማኖቱን ለውጧል፣ ሰልሟል። መስጊድ ይገባል፣ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ያገባል፣ እንደነሱ ይለብሳል። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ አመንትተው ነበር ይባላል። በመጨረሻ ግን ሕዝቡን ለኢያሱ ከገባው መሐላ ፈቱት። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት ተባሉ። ደጃዝማች ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። በአንድ ቀን አለቀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

አንድ ሰው አገር ሲመራ ቆይቶ ከሥልጣን ሲወርድ፣ የክሱ ክብደት ሁሉ ያረፈው በየት እንደጸለየና ማንን እንዳገባ ላይ ነው። መስለም አለመስለሙን የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለመሆኑ በመንግሥት ሥራው የሚጠየቅበት ጠፍቶ ነው? የለም። ሞልቷል።

ከጊሚራ ልጀምር። ራስ ተሰማ ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ ኢያሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጊሚራ አገር ዘመተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ ባርያ ተብለው ተነዱ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ አለቁ። ለእኔ ከኢያሱ ጥፋት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። አንድ የአገር መሪ የራሱን አገር ሰው አስሮ ሲነዳ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ክስ ይፈለጋል? ነገር ግን ክሱን ያስነበቡት መኳንንት ይሄን ዋና ነገር አላደረጉትም። ሊያደርጉትም አይችሉም ነበር። እነሱም ቤት ባርያ ነበር። ከሳሽ ራሱ የሚሠራውን ጥፋት ክስ ውስጥ አይጽፍም።

ሁለተኛው፣ መንግሥቱን ጥሎ መሄዱ ነው። ኢያሱ መናገሻው ላይ አይረጋም። ዛሬ አፋር፣ ነገ ሐረር፣ ከነገ ወዲያ ወሎ። መሪ አገሩን መዞሩ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ሚኒስትሮቹ ያለ ውሳኔ ይቀመጣሉ፣ ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ሲጠና ይከርማል። ምኒልክ ሚኒስትሮችን የሾሙት በ1900 ነበር። ገና ሥር ያልሰደደ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ነበር መጠንከር የሚያስፈልገው። ኢያሱ እንዳላየ አለፈው።

ሦስተኛው የውጭ ጉዳዩ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቷል። አገራችን ዙሪያዋን በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ግዛቶች ተከባለች። ኢያሱ ደግሞ ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ አዘነበለ። ቅኝ ገዢ ጎረቤቶቹን አለማመኑ ስህተት ነው አልልም። ሆኖም እንዲህ ያለ ነገር አገር ያጠፋል። ከማን ጋር መክረህ ነው? ብንሸነፍስ ምን አስበሃል? ይሄ ጥያቄ መነሣት ነበረበት። የሦስቱ መንግሥታት ተጠሪዎች ያነሡት ለራሳቸው ጥቅም ነው። የኛዎቹ ለአገር ብለው ሊያነሡት ይገባ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ መልካሙንም መናገር አለብን። ያኔ ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ላይ ታስረው ነገራቸው እስኪያልቅ አብረው ይኖሩ ነበር። ሌባ ሻይም ነበረ። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ሲስት ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው ተዋርዷል! ኢያሱ እነዚህን ለማስቀረት ሞክሯል። የመንግሥት ሀብት እንዲቆጠርና እንዲመረመር አዝዟል። ለአዲስ አበባ የከተማ ዘበኛ አቋቁሟል። ይሄን የሠራ ልጅ ነው እንግዲህ "የማይረባ ባለጌ" ተብሎ ብቻ በአፍ ሲወርድ የኖረው።

ከሙስሊሙ ጋር መቅረቡንስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከይፋት፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። እናንተ ፊት በግልጽ ልናገረው። ያ የመስከረም 17 ክስ ለእናንተ አያቶች ምን ነበር ያላቸው? "ከእናንተ ጋር የተዛመደ፣ ከእናንተ ጋር የበላ ሰው አገር ሊመራ አይገባውም" ነው ያላቸው። በኢያሱ ላይ የተወረወረው ድንጋይ ያረፈው ምንም ባላጠፋ ሕዝብ ላይ ነው። መሪን በሃይማኖቱ ወይም በዘሩ ስትሰድብ ምንጊዜም እንዲህ ይሆናል። መሪው ቤተ መንግሥት ነው፤ ስድቡ አይደርስበትም። የሚደርሰው ጉሊት ላይ ሽንኩርት ለምትሸጠው ሴትዮ ነው።

እሺ፣ ለምን በሥራው አልከሰሱትም? ይሄን ጥያቄ ብዙ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሸዋ መኳንንት ሥልጣናቸው ወደ ወሎ ሲሄድ አዩ። ንጉሥ ሚካኤል ገነኑ፣ እነሱ አነሱ። ደጃዝማች ተፈሪ በዚያው በ1908 ክረምት ከሐረር ተነሥተው ወደ ከፋ ተሾሙ። የጥቅም ነገር ነው። እኛ ሸዋዎች ይሄን ስንተርክ እናለሳልሰዋለን። ማለሳለስ የለብንም።

የጠለቀው ምክንያት ግን መሐላው ይመስለኛል። በ1901ዱ አዋጅ ሹማምንቱ ለኢያሱ ምለው ነበር፤ አዋጁን የሚያፈርስ ሁሉ ተረግሟል። መሐላን የሚፈታ ጳጳስ ነው። ጳጳስ ደግሞ "ሥራ አበላሽቷል" ተብሎ መሐላ አይፈታም። "ሃይማኖት ክዷል" ሲባል ግን ይፈታል። ስለዚህ ክሱ የግድ ሃይማኖት መሆን ነበረበት። "መሪው ሥራውን አልሠራም፣ ይጠየቅ" የሚባልበት ሌላ በር አልነበረም። አባቶቻችን "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ብለው ነበር። እውነትም ንጉሥ በሥራው አይከሰስም ነበር። በሥራው የማይከሰስ ንጉሥ ግን በሌላ ነገር ይከሰሳል። በእናቱ፣ በአባቱ፣ በሚስቱ፣ በጸሎቱ ይከሰሳል። በር የሌለው ቤት በመስኮት ይሰበራል።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ትችት እንደነበረም እወቁልኝ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የሚባል የአድዋ ሰው ነበር። ውጭ አገር የተማረ። የምኒልክን መንግሥት በጽሑፍ ተችቷል፤ ለኢያሱ ዘመንም ምን መደረግ እንዳለበት ጽፏል። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ ይላል። ግብር በልክ ይወሰን፣ ሕግ ተጽፎ ይውጣ፣ ትምህርት ቤት ይስፋፋ ይላል። አያችሁ ልዩነቱን? ሰውየው ዛሬ ኖሮ ይሄንኑ ቢናገር ጉዳዩ ገና ትኩስ ነው። የመስቀሉ ዕለት ክስ ግን ኢያሱ ከወረደ በኋላ ለማንም የሚጠቅም ነገር አልነበረውም። መሪው ተቀየረ፣ አሠራሩ እንዳለ ቀረ። ባርነቱም ቀጠለ።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ይሄ የሸዋ ገበሬ ነው። የወሎም ገበሬ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ልጄ በግፍ ወረደ ብለው ጦራቸውን ይዘው መጡ። በጥቅምት 1909 ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድ ጦር ተደመሰሰ፣ እሳቸውም ወደቁ። ቀኑ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ጦር ገጠመ። የሸዋን ጦር የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። የሞተው ሰው ብዛት ለወሬ ይከብዳል። ከዚህ አካባቢ ስንቱ ቤት ያለ አባወራ ቀረ! እነዚያ ገበሬዎች ስለ ጀርመን የሚያውቁት ነገር የለም። ስለ ሚኒስትሮችም አያውቁም። "ሃይማኖትህ ተነካ" ተብለው ነው የሄዱት። የወሎዎቹም "ልጅህ ተበደለ" ተብለው።

ኢያሱ ራሱ ሸሽቶ ቆየ፤ በ1913 ተያዘ። በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ፍቼ ታሰረ። ፍቼ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1924 አመለጠ፣ ተያዘ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። በ1928 እዚያው ሞተ። ባመለጠ ጊዜ ረድተዋል የተባሉት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ችሎት ቀርበዋል። ኢያሱ ግን ወደ 15 ዓመት ታስሮ አንድ ቀን ዳኛ ፊት ቆሞ "ይሄን አድርገሃል፣ ምን ትላለህ?" አልተባለም። ስለ ጊሚራም አልተጠየቀም። እስከ ዛሬ መስለም አለመስለሙን የምንከራከረው ያኔ ያልተጠየቀ ሰው ስለሆነ ነው።

ታዲያ ከዚያ ተማርን? አልተማርንም። በ1923 የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። በእሱም የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት የተቀደሰ ነው፣ ክብራቸው አይደፈርም፣ ሥልጣናቸው አይጠየቅም ተባለ። በ1948 ሲሻሻልም ያው ሐሳብ ተደገመ። ሰማዩ አሁንም አይታረስም። ከዚያ የወሎ ረሃብ መጣ። ይሄ እውነተኛ የሥራ ክስ ነበር፤ ሰው እየሞተ መንግሥት ደበቀ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሹማምንቱን መመርመር ጀመረ። እኔ በታሪካችን ትልቅ ዕድል ነበር የምለው ያንን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ዘራቸው ከቡልጋ ነው፣ የኛው ናቸው፣ ለኮሚሽኑ ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጥተዋል። ጥፋተኛ ይሁኑ አይሁኑ ኮሚሽኑ ይድረስበት ነበር። ደርግ አልጠበቀም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ እሳቸውን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በወሎ ረሃብ ማን ምን እንዳጠፋ የሚመልስልን ሰው አብሮ ተቀበረ።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ስለ ዛሬ መሪዎች ሆዳችሁ ውስጥ ያለው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ስልካችሁን ስትከፍቱ የምታዩትንም አያለሁ። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ። መሪ ሲተች ምን ይባላል? የእናቱ ዘር፣ የአባቱ ሃይማኖት፣ የሚስቱ ነገር፣ መልኩ፣ አነጋገሩ። የሚደግፈውም እንዲሁ ነው፤ "የኛ ልጅ ነው፣ አትንኩት" ይላል። የመስከረም 17 ልጆች ነን።

ከእኛው ቁስል ምሳሌ ላምጣ። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። ሰው ሞተ፣ ቤተሰብ ተበተነ፣ ብዙዎች ወደዚህ ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ስለ ጎረቤት ብሔር ተሰዳደብን! በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ግን ባለሥልጣን ላብ የሚያስወጡት ጥያቄዎች ጠፉ። አደጋ እንዳለ ቀድሞ የደረሰው መሥሪያ ቤት የትኛው ነው? ከተማዋን እንዲጠብቅ የታዘዘው ኃይል ማን ነበር? በዚያች ሌሊት የት ነበር? ማን አዘዘው? መልሶ ለማቋቋም የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው፣ ምን ላይ ዋለ? እነዚህ ጥያቄዎች ብሔር የላቸውም። ከዚያ ማዶ ያለው ጎረቤታችንም ቤቱ የተቃጠለ፣ ልጁ የሞተ አለ። እሱም ይሄንኑ ይጠይቃል። አብረን ብንጠይቅ ኖሮ ባለሥልጣኖቹን ማን ይገላግላቸው ነበር?

ዛሬ በሩ ቢያንስ በወረቀት ላይ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ወይም ተመራጭ ተጠያቂ ነው፣ ሕዝብም የመረጠውን ማንሣት ይችላል ይላል። አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ በአስፈጻሚው ሥልጣን ጉዳይ መወያየት ግዴታው ነው። ዋና ኦዲተር አለ፤ ሪፖርት ያወጣል። አዋጅ 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

በሩ ዝገት በዝቶበታል። አላታልላችሁም። ምክር ቤት ውስጥ ጥያቄ ይነሣል፣ ረጅም መልስ ይሰጣል፣ ጭብጨባ ይከተላል፣ ተከታትሎ "ያ ነገር ምን ደረሰ?" የሚል የለም። ስለተናገሩ የታሰሩ ሰዎች አሉ። ይሄን ሳልናገር ብወርድ ዋሽቻችኋለሁ። ቢሆንም ማንኳኳት ካቆምን የቀረልን የመስኮቱ መንገድ ነው። የመስኮቱን መንገድ ደግሞ ሰገሌ ላይ አይተነዋል።

ንግግሩ እዚህ ላይ አብቅቶ ውይይት ነበር። ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ብጽፍ ይጠቅማል።

አንድ አባት ተነሥተው፣ "ልጄ፣ ያልከው መልካም ነው። ያኔ በሥራው ቢከሱት ግን ማን ይሰማቸው ነበር? ሰው የሚነሣው ለሃይማኖቱ ነው" አሉኝ።

አባቴ፣ እውነትዎን ነው አልኳቸው። ሰው የሚነሣው በዚያ ነበር። ለዚያም ነው የመረጡት። ነገር ግን ሸንጎ ነበራቸው፣ ሚኒስትሮች ነበሯቸው። ኢያሱን ከሐረር ጠርተው፣ በመኳንንቱ ፊት አቁመው መጠየቅ ይችሉ ነበር። ምናልባት እምቢ ብሎ ይቀር ይሆናል። ቢቀር እንኳ "ተጠርቶ ቀረ" የሚል እውነተኛ ክስ ይኖራቸው ነበር። ንጉሥ ሚካኤልም ጦር ሲያስከትቱ "ልጄ ሳይጠየቅ ተፈረደበት" ማለት አይችሉም ነበር። ጦርነቱ ይቀር ነበር ብዬ አልምልም። ምክንያቱን ግን ያሳጣቸው ነበር።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ፣ "እኛ ብንጠይቅ ብንታሰርስ? እርስዎ ተናግረው ይሄዳሉ፣ እኛ እዚሁ ነን" አለች።

አንቺ ልክ ነሽ። ማንም አይነካሽም ብዬ ቃል ልሰጥሽ አልችልም። የማውቀውን ልንገርሽ። ብቻሽን አትጠይቂ፤ አሥርም ሃያም ሆናችሁ ፈርሙ። ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ስለ አንድ መንገድ፣ ስለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ስለ አንድ በጀት። የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የአዋጁን ቁጥር፣ ቀኑን ጻፉበት። መዝገብ ቤት አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። ስድብ አንድም ቃል አይግባበት፤ የሰውየው ብሔርና ሃይማኖትም አይነሣ። ሊያስሯችሁ የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነውና። 30 ቀን ቁጠሩ። መልስ ካልመጣ ያንኑ ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ሂዱ፣ ለምክር ቤት ተወካያችሁም ላኩለት። እሱም ዝም ካለ፣ ምርጫ ሲመጣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዛችሁ ስብሰባው ላይ ተገኙና አንብቡለት።